ጌሙን የለወጠው ሥዕሉ ሳይሆን ሂሳቡ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በወጣቶች ዓምዳችሁ ስለ ኢንተርኔት ጌም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጉዳዩ መነሣቱ ደግ ነው፤ የደብረ ብርሃን፣ የሸዋ ሮቢትም ሆነ የመሐል ሜዳ ወላጅ ስለ ጌም ቤት የሚሰማው ወይ «ልጅ ያበላሻል» ወይ «ዶላር ይታፈስበታል» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ይሁንና ጽሑፉ ሦስት ነገሮችን እንደ ዋዛ ጣል አድርጎ አልፏል። በሺህ የሚቆጠር ሰው አብሮ የሚጫወትባቸው ባለ ገጸ ባሕርይ ጌሞች በ2004 ተጀመሩ ይላል። ሁሉም ቁማር ናቸው ይላል። ሰርቨሩ (ጌሙ የሚሠራበት የኩባንያው ኮምፒውተር) ሩቅ ስለሆነ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ መጫወት አይቻልም ይላል። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት አለው፤ ሦስተኛው ችግሩን አይቶ ምክንያቱን ስቷል። እኛ በኮምፒውተርና በኔትወርክ ጥገና የምንተዳደር የደብረ ብርሃን ሰዎች ነንና የምናውቀውን እንጻፍ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ ከዚህ ወገን አይደለም። የእነዚህ ጌሞች ዓለም የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ተጫዋቹ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ቢተኛም ገበያው ይውላል፣ የተጫዋቾች ማኅበራት ይዋጋሉ፤ ገጸ ባሕርዩም፣ ደረጃውም፣ ሰይፉም የተመዘገበው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ዓለም ቀንና ሌሊት መብራት፣ ማሽንና ሠራተኛ ስለሚበላ አንድ ጊዜ ተሽጦ እንደሚያልቅ ዕቃ አድርጎ መያዙ ይከብዳል። ወጪው ካላቋረጠ ገቢውም ማቋረጥ የለበትም። የእነዚህ ጌሞች ታሪክ በአመዛኙ «ይህን ገንዘብ በምን መንገድ እንሰብስብ?» የሚለው ታሪክ ነው። በሰዓት? በወር? ወይስ በዕቃ? ጌሙ ቀርፋፋ ወይም ፈጣን፣ ጨካኝ ወይም ሩኅሩኅ የሚሆነው በዚህ መልስ ነው።

በ1978 በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትሩብሾው በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት ጌም ጻፈ፤ ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ አሳደገው። መድ ይባላል። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን» ብሎ ይጽፋል፤ ማሽኑ የደረሰበትን ስፍራ በቃላት ይገልጽለታል፤ እዚያ የቆመ ሌላ ተጫዋች ካለም ይነግረዋል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ በተባለው የትምህርት መረብ ላይ ተማሪዎች በ1970ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ዋሻ እየገቡ ጭራቅ ያድኑ ስለነበር ማን ቀደመ የሚለው ያከራክራል። የትኛውም ወገን ቢረታ ግን ከ2004 በፊት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አለ።

የገንዘቡን ነገር ለማየት 1985ን እንውሰድ። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው የአሜሪካ የመረብ አገልግሎት የኬስማይ ደሴት የሚባል ጌም አቀረበ። ለጌሙ ተብሎ ለብቻው የሚከፈል ነገር አልነበረም፤ የሚከፈለው ለመስመሩ ነው። በቀርፋፋው ባለ 300 ባውድ ሞደም በሰዓት 6 ዶላር፣ በፈጣኑ ባለ 1,200 ባውድ 12 ዶላር። ጌሙ የሚቀበለው በየ10 ሴኮንዱ አንድ ትእዛዝ ነበር። አስሉት፤ በሰዓት 360 ትእዛዝ ማለት ነው። በርካሹ መስመር እንኳ አንድ እርምጃ ወይም አንድ የሰይፍ ምት ከአሜሪካ 1 ሳንቲም ተኩል በላይ ያስወጣል። በሰዓት የሚያስከፍል ድርጅት ተጫዋቹ መንገድ ቢጠፋው፣ ቆሞ ቢያወራ፣ ቢዘገይ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ይህች ነገር ወደ ጌም ቤቶቻችን ስንመጣ ትመለሳለችና አትርሷት።

የወር ክፍያ የተስፋፋው ከ1996 ጀምሮ ነው። ሜሪዲያን 59 የተባለው ጌም በቁርጥ የወር ሂሳብ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ትልቁ አቅራቢ የሰዓት ቆጠራውን ትቶ ኢንተርኔቱን በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም አደረገው። ስለዚህ አልቲማ ኦንላይን በሴፕቴምበር 1997 በወር 9 ዶላር ከ95 ሲወጣ ሜዳው ተጠርጎለት ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ 100 ሺህ ደንበኛ አገኘ።

አልቲማ ኦንላይን ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አዘጋጆቹ ያሰቡትና የሆነው ሰማይና ምድር ነበርና። ሐሳቡ ያማረ ነው። ሣር ይበቅላል፣ በግ ሣሩን ይግጣል፣ ተኩላ በጉን ያድናል፣ ተኩላው የሚበላው ሲያጣ ወደ መንደር ይጠጋል። ጌሙ ሲከፈት ተጫዋቹ ከከተማው በር ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ ፈጀው። በጉም ተኩላውም ሳይተካ ስለሚያልቅ ያ ሁሉ የተለፋበት ሥርዓት መኖሩን እንኳ ሰው ሳያውቀው ተሰረዘ። ኢኮኖሚው የባሰ ነበር። በዓለሙ ውስጥ ያለው ብረት፣ ሱፍና ወርቅ የተወሰነ ሆኖ፣ ዕቃ ሲያረጅና ሲሰበር ጥሬው ወደ መሬት ተመልሶ እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተጫዋቹ ግን ሙያ ለመማር የሰፋውን ሸሚዝ ሁሉ ሳጥን ውስጥ አከማቸ። ያልተሰበረ ዕቃ ጥሬውን አይመልስም፤ ስለዚህ ማዕድኑ ነጠፈ፣ በጉም አዲስ መውለዱ ቀረ። መፍትሔ የሆነው ዑደቱን መስበር ነው። ጭራቅ በተገደለ ቁጥር ወርቅ ከባዶ ይፈጠራል፤ በጥገና፣ በታክስና በመጓጓዣ ደግሞ ይጠፋል። ዛሬም አብዛኞቹ ጌሞች በዚህ ይሠራሉ፤ የሚጠፋው ከሚፈጠረው ካነሰ በጌሙ ገበያ ዋጋ ጣራ ይነካል። ይህ ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጓሳ ሣር ለዘመናት የዘለቀው ማንም ባሻው ቀን ማጭድ ይዞ ስላልገባበት ነው፤ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። አልቲማ ኦንላይን የሚዘጋው ሽማግሌ አልነበረውም። ሰው ሰውን እየገደለ ስለተማረረም በ2000 ኩባንያው ዓለሙን ለሁለት ከፈለው፤ አንደኛው መግደል የሚቻልበት፣ ሌላው የማይቻልበት። ሕዝቡ በብዛት ወደ ሰላማዊው ተጋዘ።

በማርች 1999 የወጣው ኤቨርክዌስት የወር ክፍያን ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በወር የሚያስከፍል ኩባንያ የሚፈራው ተጫዋቹ ጌሙን ጨርሶ እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር እንዲዘገይ ተደረገ። የሞተ ሰው ከወደቀበት ርቆ ባዶ እጁን ይነሣል፤ ዕቃው ያለው ሬሳው ላይ ስለሆነ ጭራቁ ወዳለበት ተመልሶ ሬሳውን መፈለግ አለበት፤ ያካበተውም ልምድ፣ ማለት ደረጃ የሚያሳድገው ነጥብ፣ ይቀነስበታል። አስማተኛ ኃይሉን ለመመለስ ቁጭ ብሎ የአስማት መጽሐፉን እያየ ይጠብቃል። ባሕር ለመሻገር ጀልባ ይጠበቃል። አንዳንድ ጭራቅ በቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ብቻውን የሚያድግ ሰው ጥቂት ስለነበር ግን ጓደኝነቱ የጠና ነበር፤ በዚያ ዘመን የተጫወቱ ሰዎች እስካሁን የሚናፍቁት ይህን ይመስለናል። ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ2001 የዚህን ዓለም ኢኮኖሚ መረመረ። የጌሙ ገንዘብና ዕቃ ከጌሙ ውጭ በዶላር የሚሸጥበትን ዋጋ ይዞ ሲያሰላ የተጫዋቹ ልፋት በሰዓት 3 ዶላር ከ42 ሳንቲም፣ የነፍስ ወከፍ ምርቱም በሩሲያና በቡልጋሪያ መካከል ሆኖ ተገኘ።

ለጌም ቤት ባለቤቶች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የኮሪያ ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 1998 ሊኔጅ ሲወጣ አገሪቱ ከ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ አልወጣችም ነበር፤ ፈጣን ኢንተርኔት ያላቸው የኮምፒውተር ቤቶች ግን በየሰፈሩ እየፈሉ ነበር። ለኩባንያው ዋናው ከፋይ ቤቱ ሆነ። ቤቱ በኮምፒውተሩ ልክ ለኩባንያው ይከፍላል፣ ተጫዋቹ ለቤቱ በሰዓት ይከፍላል። ጌሙም ለዚህ ተስማምቶ የተሠራ ነው። የቤተ መንግሥት ከበባው ቀንና ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን የያዘ ማኅበር ከአካባቢው ሱቆች ግብር ይሰበስባል። ስለዚህ ጓደኛሞች ተቀጣጥረው በአንድ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዋጋሉ፤ ቤቱም መቼ እንደሚሞላ ያውቃል።

ጽሑፋችሁ መጀመሪያ ያደረገው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በኖቬምበር 2004፣ በወር 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወጣ። ያደረገው ነገር ከኤቨርክዌስት ጭካኔውን መቀነስ ነው። የሞተ መንፈስ ሆኖ ሮጦ ሬሳው ላይ ይነሣል፤ ዕቃው አይወሰድበትም። አንድ ጥበቡ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በሙከራው ወቅት ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው ልምድ የማግኘት ፍጥነቱ በግማሽ እንዲቀንስ ተደርጎ ተጫዋቹ ተቆጣ። አዘጋጆቹ ስሌቱን ሳይነኩ ስሙን ገለበጡት፤ ያረፈ ሰው 200 በመቶ ያገኛል፣ ዕረፍቱ ሲያልቅ ወደ 100 ይመለሳል ተባለ። ቁጥሩ ያው፣ ቁጣው ግን በረደ። በኦክቶበር 2010 ከፋዩ 12 ሚሊዮን ደረሰ።

ሥዕል ያማረ ጌም ያሸንፋል የሚለው የተለመደ እምነት ምን ያህል ውሃ እንደማያነሣ የሚያሳየው ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው። በሴፕቴምበር 2010 ሲወጣ ዓይን የሚማርክ ነበር፤ ግን አይንቀሳቀስም። በኋላ ሥራውን የተረከበው ናኦኪ ዮሺዳ እንደተናገረው አንዲት የአበባ ማስቀመጫ የተሠራችው እንደ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ 1,000 ገደማ ፖሊጎን (ሥዕሉ የሚገነባበት ትንንሽ ቅርጽ) ፈጅታ ነው። ብዙ ሰው አንድ አደባባይ ላይ ሲቆም ማሽኑ ማስቀመጫውን ሲስል ሰዎቹን መሳል ያቅተዋል። ኩባንያው በኖቬምበር 2012 ዘግቶ እንደ አዲስ ሠርቶ በኦገስት 2013 መለሰው፤ አሁን ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ቁማሩ። ሜፕልስቶሪን የመሰሉ የኮሪያ ጌሞች ከ2003 ጀምሮ መግቢያውን በነጻ አድርገው ዕቃ መሸጥ ያዙ፤ ከጊዜ በኋላ የምዕራቡም አብዛኛው ተከተለ። የታወቀ ልብስ በታወቀ ዋጋ መሸጥ ቁማር አይደለም። ቁማር የሚሆነው ውስጡ ያልታወቀ ሳጥን ሲሸጥ ነው። አንድ ዕቃ የመውጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ሲባል 100 ሳጥን የገዛ ሰው እርግጠኛ የሆነ ይመስለዋል። ሂሳቡ እንዲህ አይደለም፤ 100 ሳጥን ከሚከፍቱ 100 ሰዎች 37ቱ ያህል ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለው ሳጥን በቁማር ሕግ ሥር ይወድቃል ስላለች በርካታ ኩባንያዎች እዚያ መሸጡን ተዉ። ቻይና ደግሞ ሰዓቱን ያዘች። በ2007 ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ 3 ሰዓት ከተጫወተ በኋላ በጌሙ የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ፣ 5 ሰዓት ከተጫወተ በኋላ ጭራሽ ዜሮ እንዲሆን ደነገገች፤ በ2021 ደግሞ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ስለዚህ ወላጅ «ጌሙ ቁማር ነው ወይ?» ከማለት «ሳጥን ይሸጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ ያገኛል።

«ዶላር ይታፈስበታል» ለሚሉትም አንድ ቃል። የጌም ወርቅን በእውነተኛ ገንዘብ ከሰው ለሰው መሸጥ በአብዛኞቹ ጌሞች ደንብ የተከለከለ ነው። ሻጩም ገዢውም አካውንታቸው ይዘጋል፤ ወርቁ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ከገዢው እጅ ተመልሶ ይወሰዳል። ደንቡ የሚፈቅደው መንገድ ሌላ ነው። በሩንስኬፕ ቦንድ፣ በኢቭ ኦንላይን ፕሌክስ፣ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቶክን የሚባል አለ። ገንዘብ ያለው ሰው ከኩባንያው ገዝቶ በጌሙ ገበያ በወርቅ ይሸጠዋል፤ ጊዜ ያለው ሰው በወርቁ ገዝቶ አባልነቱን ያድስበታል። አንድ የሩንስኬፕ ቦንድ የ14 ቀን አባልነት ይሰጣል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው የእኛ አገር ተጫዋች ትልቁ በር ይህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ርቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ይህ ርቀት በደርሶ መልስ የሚጨምረው 1.3 ሚሊ ሴኮንድ (የሴኮንድ ሺኛ) ነው፤ ማንም አይሰማውም። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታው 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መስመሩ ቀጥ ብሎ ቢሄድ 53 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃው ነበር። ባሕር በር የሌለን በመሆኑ መስመራችን በጎረቤት አገር ወጥቶ፣ የባሕር ኬብል ይዞ፣ በየጣቢያው እየተቀባበለ ስለሚዞር ከ100 በላይ ይሆናል። ይህ ለተኩስ ጌም ከባድ ነው። ለእነዚህ ጌሞች ግን ያን ያህል አይደለም። የሩንስኬፕ ሰርቨር የሁሉንም ትእዛዝ ሰብስቦ የሚፈጽመው በየ0.6 ሴኮንዱ ነው፤ ኢቭ ኦንላይን በየ1 ሴኮንዱ። 150 ሚሊ ሴኮንድ የዘገየ ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ዙሩ ሳያመልጠው ይደርሳል። የአውሮፓና የአሜሪካ ሰርቨር ምርጫ ሲቀርብ አውሮፓን መምረጥ ነው፤ አትላንቲክን ማቋረጥ ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይጨምራል።

ጌሙን የሚያበላሸው የመልእክት መጥፋትና የመዘግየቱ መዋዠቅ ነው። ከእነዚህ ጌሞች ብዙዎቹ መልእክት በቅደም ተከተል እንዲደርስ የሚያስገድድ አሠራር ይጠቀማሉ። አንዷ መንገድ ላይ ከጠፋች ከኋላዋ ያሉት ቢደርሱም እሷ እንደገና ተልካ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። ተጫዋቹ የሚያየው ሁሉም ሰው ደርቆ ቆሞ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲሆን ነው። ለመለካት በዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ፒንግ (የመልእክትን ደርሶ መልስ የሚለካ ትእዛዝ) ወደ ሰርቨሩ 100 ጊዜ ላኩና ሦስት ቁጥር ተመልከቱ። አማካዩ ከ200 ሚሊ ሴኮንድ በታች ከሆነ ደህና ነው፤ እስከ 300 ይታገሡታል። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ካለፈ ወይም ከ100 መልእክት ከ2 በላይ ከጠፋ መጀመሪያ ቤታችሁን መርምሩ። ያንኑ ፒንግ ወደ ራሳችሁ ራውተር ላኩ። እዚያም የሚጠፋ ካለ ጥፋቱ የዋይፋዩ ወይም የኬብሉ ነው፤ ራውተሩ ድረስ ንጹሕ ከሆነ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ዋይፋይ ላይ ያለውን ማሽን በኬብል ማገናኘት ብቻ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል።

አሥር ኮምፒውተር አንድ መስመር የሚጋሩበት ቤት የሚያቃስተው በጌሙ አይደለም። ጌሙ ራሱ የሚበላው ጥቂት ነው፤ አሥር ተጫዋች በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ሊስተናገድ ይችላል። መስመሩን የሚያንቀው አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን፣ ስልክ ፎቶውን ወደ ደመና (የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ሲልክ ወይም ዊንዶውስ ሳይጠየቅ ራሱን ሲያድስ ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ወረፋ ይሞላና የተጫዋቹ ትንሽዬ መልእክት ከኋላው ትሰለፋለች። ስለዚህ በራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን የመላኪያ ጣሪያ አውጡለት፤ የእንግዶች ዋይፋይ ለብቻው ይሁን፤ በዊንዶውስ መስመሩን «የሚቆጠር» ብላችሁ መዝግቡትና እድሳቱን ሌሊት አድርጉት። ጌሙን መጫን ግን ዳታ ይፈጃል። ትልልቆቹ ከ100 ጊጋባይት የሚያልፉ አሉ። በአንዱ ማሽን ሌሊት አውርዶ ፎልደሩን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም በውስጥ ኔትወርክ ለቀሪዎቹ መገልበጥ፣ ከዚያም በማስጀመሪያው ላይ ፋይል ማረጋገጫውን ማስኬድ ነው፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ላይ ያሉትን ከ2023 ጀምሮ ስቲም ራሱ ከማሽን ወደ ማሽን ያሻግራል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ማሽን ለያዘ ቤት የድሮው ሩንስኬፕ ይበቃዋል፤ አልቢየን ኦንላይንም ከባድ አይደለም፤ ሁለቱም በስልክም በዚያው አካውንት ይከፈታሉ።

መብራት ሲጠፋ የሚደርሰውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ገጸ ባሕርዩ ወዲያው ከዓለሙ አይወጣም። ተጫዋች እየተሸነፈ ገመድ ነቅሎ እንዳያመልጥ ሲባል ሰርቨሩ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ያቆመዋል፤ ጭራቁም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል መሣሪያ) ከመግዛት በፊት ምን ላይ እንደሚሰካ ማሰብ ነው። የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለው፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ በብክነት ምክንያት የሚገኘው ከ50 ብዙ አይበልጥም። ራውተሩና የፋይበሩ መሣሪያ ሁለቱ ተደምረው 20 ዋት ያህል ስለሚወስዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያሉ። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ከወሰደ ግን ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ለራውተሩ አንድ መስጠት ይቅደም፤ በስልክ ገብቶ ገጸ ባሕርዩን ወደ ሰላም ቦታ መመለስ ይቻላል። ባትሪው አርጅቶ ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች በግማሽ ቁረጡ።

አካውንት የሚሰረቀው በአብዛኛው በጋራ ኮምፒውተር ነው። የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም አንድ ደንበኛ ቢጭን ከሱ በኋላ የተቀመጠው ሁሉ የይለፍ ቃሉን ይሰጠዋል። ማሽኑ ዳግም በተነሣ ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም መጫን የቤቱ ግዴታ ነው እንላለን፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን በራሱ ስልክ ማብራት የተጫዋቹ። ሌላም አለ። ከአንድ ቤት የሚወጡ ማሽኖች ሁሉ ለኩባንያው የሚታዩት በአንድ አድራሻ ነው፤ አንዱ በሮቦት ፕሮግራም ወርቅ ሲያመርት ቢያዝ ቤቱ በሙሉ በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል።

አሁን ስለ ሰዓት ሂሳቡ። የእኛ ጌም ቤቶች በሰዓት ያስከፍላሉ፤ ብዙዎቹ ጌሞች ግን የተሠሩት በወር ለሚከፍል ሰው ነው። ጀልባ መጠበቅ፣ ጓደኛ እስኪሰበሰብ መጠበቅ፣ ኃይል እስኪመለስ መቀመጥ በወር ለሚከፍለው ነጻ ነው፣ በሰዓት ለሚከፍለው ተማሪ ግን ኪሱ ነው የሚጠብቀው። የ1985ቱ ሂሳብ በሌላ በር ተመልሷል ማለት ነው። ስለዚህ ቤቶች ለእነዚህ ጌሞች የግማሽ ቀን ቁርጥ ዋጋ ቢያወጡ፣ በተለይ ጠዋት ማሽኑ ባዶውን በሚውልበት ሰዓት፣ ሁለቱም ወገን ያተርፋል። ተጫዋቹም መጠበቅ የሚጠይቀውን ሥራ፣ ማለትም ገበያ መሸጥን፣ ማዕድን መቆፈርን፣ ከማኅበሩ ጋር መነጋገርን በስልኩ ቤቱ ጨርሶ ለውጊያው ብቻ ወደ ጌም ቤት ቢመጣ የሚከፍለው በእጅጉ ይቀንሳል። ዕቃ በገንዘቡ ለመግዛት የሚያስብ ደግሞ ዕቃው ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ መሆኑን ይወቅ። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ በኖቬምበር 2012 ሲዘጋ የስምንት ዓመት ገጸ ባሕርያት ሁሉ አብረው ጠፉ። በኋላ ደጋፊዎች በራሳቸው ሰርቨር አስነሥተውት በጃንዋሪ 2024 ከባለመብቱ ኩባንያ ፈቃድ አገኙ፤ የድሮዎቹ ገጸ ባሕርያት ግን አልተመለሱም።

በመጨረሻ፣ እርማት የምታወጡ ከሆነ ፎቶውንም ጨምሩበት። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ምስል ላይ ሁለት ልጆች በፕሌይስቴሽን የኳስ ጌም እየተጫወቱ ነው፤ ኢንተርኔቱም አልተሰካም።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተርና ኔትወርክ ጥገና ባለሙያዎች፣ ደብረ ብርሃን